ካርቡሬተሩን ማን ነካው?

ሰኞ
ዛሬም የጋሽ ወርቁ መኪና ካንዴላ ጥላሸት ለብሷል። ቅዳሜ ካርቡሬተሩ ላይ አየሩንና ቤንዚኑን በእጄ አመጣጥኜ ፍኖተ ሰላም አስፋልት ላይ ስሞክራት ደህና ነበረች። ጋሽ ወርቁ ግን ወደ ፈረስ ቤት ከተማ የሚወስደውን ዳገት ሲያወጧት ታነቀች አሉ። ለእሁዱ የዳገት ውድድር ብለው የገዟት መኪና ናት።

የካርቡሬተሩን ብሎን ሰው ነክቶታል። ጋራዡ ውስጥ ያለነው እኔና አያሌው ብቻ ነን። የአያሌው እህት ባል ደግሞ እሁድ በሌላ መኪና ይወዳደራል።

ማክሰኞ
እንደገና አስተካከልኩ። ብሎኑ ላይ በሚስቴ የጥፍር ቀለም ምልክት አደረግሁ። አያሌው አይቶ ሳቀ። ምን ያስቀዋል?

ረቡዕ
ጋሽ ወርቁ ዳገቱን ሞክረው ተመለሱ። ያው ጥቁር ጭስ። ምልክቱ ግን ከቦታው አልተነቃነቀም። እንግዲያው ውስጡን ነክቶት ይሆናላ። ምሳ ሰዓት ላይ አያሌውን ስልክ ቤት ተሰልፎ አየሁት። ቡሬ ሊደውል ነው፤ የእህቱ ባል እዚያ ነው።

ሐሙስ
አያሌውን ጋሽ ወርቁ ፊት ተናገርኩት። "ለዘመድህ ብለህ እንጀራችንን አትዝጋ" አልኩት።

አልተቆጣም። ቱታውን አውልቆ አጠፈና፣ "ስምንት ዓመት አብረን በልተናል" ብሎ ማንኩሳ ወላጆቹ ዘንድ ሄደ። ያናደደኝ ቱታውን ማጠፉ ነው። ጥፋተኛ ሰው እንዲህ ያጥፋል?

ዓርብ
ካርቡሬተሩን ፈትቼ፣ አጥቤ፣ ራሴ ገጠምኩ። ከጋሽ ወርቁ ጎን ተቀምጬ ወጣሁ። ዳገቱ ሥር ካንዴላውን አየሁት፤ ቡናማ፣ ደህና። ፈረስ ቤት ስንቃረብ ታነቀች። ፈታሁት። ጥቁር።

ጋሽ ወርቁ መኪናዋን ገፍተው ዳር ሲያስይዙ ትንፋሽ አጠራቸው። "የደጋው አየር ለእኔም አልበቃኝም" አሉ።

የካንዴላ መፍቻውን እንደያዝኩ ቀረሁ። ላይ አየሩ ይሳሳል፤ ቤንዚኑ ግን ታች እንደለካሁት ይፈስሳል፤ ይበዛባታል። ማንም አልነካትም። ጋሽ ወርቁ "ምን ሆንክ?" ሲሉኝ፣ አሞኛል አልኩ።

ቅዳሜ
ማንኩሳ ሄጄ አያሌውን ከአባቱ ጋር በቆሎ ሲፈለፍል አገኘሁት። ሁሉንም ነገርኩት፤ ይቅርታም ጠየቅሁ። እሱ መፈልፈሉን ቀጠለ። አባቱ ግን፣ "ልጄ፣ ሰው ከመክሰስህ በፊት ዳገቱን ብትወጣው ምን ነበር?" አሉኝ። እኔም ተቀምጬ አብሬያቸው መፈልፈል ጀመርኩ።

ቆይቶ አያሌው "እንሂድ" አለ። ጋራዥ እንደደረስን ቤንዚን የምታሳልፈዋን የናስ ቀዳዳ በቀለጠ ስታኞ ደፍኖ፣ ቤንዚኑ እንዲቀንስ አጥብቦ እንደገና በሳት። ሲሠራ ቀና ብሎ አላየኝም።

እሁድ
ሁለተኛ ወጣን። አንደኛ የአያሌው እህት ባል ነው። መኪናዋ እስከ ላይ ጭስ አላሳየችም። ጋሽ ወርቁ ደስ ብሏቸዋል።

ስንመለስ አያሌው ከፊት ቦታ እያለ ከኋላ ተቀመጠ። "ነገ ሥራ ትገባለህ?" አልኩት።

"እናያለን" አለ።

አልገባም አላለም።