ወደ ደቅ ከመሻገሬ በፊት

ባሕር ዳር፣ ፋሲሎ
ጥር 24 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለልጄ ለፀደንያ
ድሬዳዋ

እንደምን ሰንብተሻል ልጄ? የልጅ ልጄ ዜማስ እንዴት ናት? እኛ ከእማማሽ ከሸዋዬ ጉልበትና ከእኔ ግትርነት በቀር ደኅና ነን፤ ለሁለቱም እስካሁን መድኃኒት አልተገኘላቸውም። ዘንድሮ ብርዱ በርትቷል። ጠዋት ጠዋት ከጣና የሚነሣው ንፋስ ጆሮ ይቆርጣል። እናንተ እዚያ በሙቀት ስትቀቀሉ እኛ ጋቢ በጋቢ ላይ ደርበን እንቀመጣለን።

ስልክ እያለ ምን ደብዳቤ አስጻፈው ትዪ ይሆናል። ደጋግሜ ደውዬልሽ ነበር እኮ። ድምፅሽን ስሰማ ልነግርሽ ያሰብሁት ይጠፋኝና ስለ ሙቀቱና ስለ ዜማ ትምህርት ጠይቄሽ እዘጋለሁ። በጽሑፍ ግን ፊቴን የሚያየኝ የለምና ልሞክረው።

ከጥምቀት በኋላ በነበረው ቅዳሜ ጉና ሄጄ ነበር። አዎ፣ ከምናሴ ማኅበር ጋር። ሸዋዬ "በዚህ ዕድሜህ ተራራ ልትወጣ? ሜዳው አልበቃህም?" ብላ ስቃብኝ ነበር፤ ለምን እንደምሄድ ስነግራት ግን ሳቋ ቀረ። ልጃችን፣ ያንቺው ምናሴ፣ የወደቀበትን ቦታ ሁለት ዓመት ሙሉ በዓይኔ አለማየቴ ያንገበግበኝ ነበር። ለከርሞ ደግሞ ጉልበቴ እሺ አይለኝም።

ማኅበሩን ታውቂዋለሽ፤ እንደ ድሮው ነው። ከኅዳር ጀምሮ፣ ጭቃው ደርቆ ብርዱ ሲገባ፣ በየአሥራ አምስት ቀኑ አንድ ኮረብታ ይወጣሉ፤ መዝጊያው ጉና ነው። የባንክ ሠራተኛው፣ አስተማሪው፣ ነርሷ፣ ሁሉም የሱፍ ኮፍያ አጥልቆ ጎሕ ሳይቀድ ሚኒባስ ውስጥ ይታጨቃል። ከፊት የሚመራቸው አሁንም ባምላክ ነው።

ከቀብሩ ወዲህ ከእሱ ጋር ሰላምታ እንዳልነበረን ታውቂያለሽ። ሐኪሞቹ የገደለችው ልቡ ናት ቢሉንም እኔ በውስጤ "እሱ ነው አጣድፎ ልጄን የገደለው" እል ነበር። ሚኒባሱ ውስጥ ስገባ ሲያየኝ ከመቀመጫው ተነሥቶ ቆመ። አልፌው ከኋላ ተቀመጥሁ።

ከመኪና ስንወርድ አመዳዩ ሣሩ ላይ ጨው የተበተነ ይመስል ነበር። ተከታትለን በአንድ መስመር ተነሣን። ሲና የምትባል የባንክ ልጅ ማንም ወደ ኋላ እንዳይቀር መጨረሻ ሆና ትጠብቃለች። ከመነሣታችን በፊት ባምላክ ሕጉን ተናገረ።

"የደከመው ሰው 'እረፍት' ይበል። እረፍት ከተባለ ሁላችንም እንቆማለን። ለምን ብሎ የሚጠይቅ የለም።"

ይህን ሲል ዓይኑ መሬት ላይ ነበር።

ጅብራ የሚባለው የደጋ ተክል ከሚጀምርበት ስንደርስ ትንፋሼ አጠረ። "እረፍት" ማለት ግን ሞት ሆነብኝ። ይህ ሽማግሌ ባይመጣብን ምን ነበረበት ይሉኛል ብዬ ጥርሴን ነክሼ መውጣቴን ቀጠልሁ። ባምላክ ዞር ብሎ አየኝ። ወዲያው ዱላውን መሬት ላይ ጣለ።

"እረፍት! እኔ ደክሞኛል" አለ።

አለመድከሙን ሕፃን ልጅም ያውቃል፤ ሰውየው ዳገት ሲወጣ እንደ ፍየል ነው። ሁሉም ተቀመጡ፤ ሲና ከፔርሙሷ ሻይ ቀድታ ሰጠችኝ። እሱም መጥቶ ትንሽ ራቅ ብሎ አጠገቤ ተቀመጠ።

"ለምናሴም እንዲህ አድርገህለት ነበር?" አልሁት። በሁለት ዓመት ውስጥ ለእሱ የተናገርሁት የመጀመሪያ ቃል ይህ ነው።

"አድርጌ ነበር ጋሼ። ፊቱ ልክ ስላልነበር ደክሞኛል እያልሁ ደጋግሜ አስቆምኋቸው። በኋላ ነቃብኝና 'ለእኔ ብለህ ከሆነ አትቁም፤ ደኅና ነኝ' ብሎ ጥሎኝ ቀደመ። እጁን ይዤ ማስቀመጥ ነበረብኝ። ሁልጊዜ የሚቆጨኝ እሱ ነው።"

ልጄ፣ ምናሴን ድምፁን ጭምር የሰማሁት መሰለኝ። ያው እሱ ነው፤ ደግሞም ያው እኔ ነኝ። ማንም አላጣደፈውም። የሚያርፍለት ጓደኛ ነበረው፤ እሱ ግን አልሰማም። አለቀስሁ። ባምላክም አለቀሰ። ማኅበርተኞቹ ፊታቸውን ወደ ገደሉ አዞሩልን። ከዚያ ደግፎ ቦታው ድረስ ወሰደኝ። የጓሳ ሣር የበቀለበት ተራ ሜዳ ነው። አቡነ ዘበሰማያት ደግመን ተመለስን።

ቁልቁል ስንወርድ "ፀደንያን ትጠይቃታለህ?" አልሁት።

ተንተባተበ። "እደውልላታለሁ ጋሼ። እርስዎን አልዋሽም፤ ላገባት እፈልጋለሁ፣ ነግሬያታለሁም። እሷ ግን 'አባባና እማማ ቀና ብለው ሳያዩህ መልስ አልሰጥህም' አለችኝ። እኔ ደግሞ በምን ፊቴ እጠይቅዎታለሁ? ሽማግሌ ልላክ ብል እናትም አባትም የለኝ። ወንድሜ ብዬ የምጠራው ምናሴ ነበር።"

እውነቱን ልንገርሽ፣ ደስ አላለኝም። ዜማ ሌላ ሰው "አባዬ" ብላ ስትጠራ ታየኝ። አንቺም የሰው ሚስት ትሆኝና በዓመት በዓል ብቻ የምትደውይልን ትሆኛለሽ ብዬ ፈራሁ። ልጄ እንደገና የሚቀበር መሰለኝ። ይህን ሁሉ ሳብሰለስል ሰነበትሁ። ከዚያ ዜማ ባለፈው በስልክ ያለችኝ ትዝ አለኝ። "እማዬ ዛሬም ጥቁር ነው የለበሰችው" ብላኝ ነበር፤ ሌላ ልብስ የላትም ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ምናሴ እንኳ ይህን ቢሰማ እኔን ነበር የሚቆጣኝ።

ስለዚህ ሽማግሌ የለኝም ላለው ሰው ሽማግሌው እኔ ልሆንለት አስቤያለሁ። ወላጅ አባትሽ መሪጌታ ጥዑመ ልሳን እንደሆኑ ከቤተ ክርስቲያናቸው አይርቁም፤ በጀልባ ደቅ ደሴት ድረስ ተሻግሬ እጠይቃቸዋለሁ። የልጁን ሚስት ለሌላ ሰው ሊለምን መጣ ብሎ የሚገረም ይገረም። ነገር ግን አንቺ ሳትፈቅጂ እግሬ ጀልባ አይረግጥም። ካልፈለግሽው "አይሆንም" በይኝ፤ ለባምላክ እኔ እነግረዋለሁ። ከፈለግሽው ደግሞ ለእኛ ብለሽ እንዳትከለከዪ። በዚህም ሆነ በዚያ የእኛ ልጅ ነሽ።

የሸዋዬን ነገር ትጠይቂኝ ይሆናል። የባምላክን ስም በቤታችን እንደማታስነሣ ታውቂያለሽ። ነገሩን ስነግራት ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች። ከዚያ ወዲያ አላነሣነውም። ትናንት ለአባትሽ የምናገረውን ልለማመድ ብዬ በረንዳ ላይ ቆምሁ። የሽምግልናው ቃል ያው ነው፣ አንቺን ለምናሴ ሲጠይቁልንም የተባለው ነው። ጉሮሮዬን ጠራርጌ "መሪጌታ፣ ልጅዎን..." አልሁና ቆምሁ። ደግሜ ጀመርሁት፤ አሁንም እዚያው ላይ ቀረሁ። የሚቀጥለው ቃል አልወጣልሽ አለኝ።

ሸዋዬ ለካ በመስኮቱ ትሰማኛለች።

"'ለልጃችን ይስጡን' ነው እንጅ የሚባለው" አለችኝ። መስኮቱንም ወለል አድርጋ ከፈተችው። "ምነው ሰውየው፣ በል ጨርሰው።"

ጨረስሁት።

መልስሽን እንጠብቃለን። ዜማን ሁለቱንም ጉንጯን ሳሚልኝ። በጣና ደሴቶች ያሉት ታቦታት ሁሉ በሄድሽበት ይከተሉሽ፤ እግርሽን ከእንቅፋት፣ ልብሽን ከሐዘን ይጠብቁልን።

አባትሽ አምሐ