ዘንድሮ ኮከብ የለም

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፤

ጤናህ እንዴት ነው? ያ ክረምት ከበጋ የማይለቅህ ሳል ተወህ ወይስ አሁንም አብራችሁ ናችሁ? እኔ ደህና ነኝ፣ ልጆቹም ደህና ናቸው፣ ቤቱም እንዳለ ቆሟል። አባባ ሰላም በይልኝ ብሏል። የዛሬው ደብዳቤዬ ስለ ጣራው ብቻ ነው። ለምን እንደሆነ ስትጨርሰው ይገባሃል።

ዝናቡ ሊገባ ሦስት ሳምንት ቢቀረው ነው። እንደምታውቀው አባባ በዚህ ሰሞን ጣራውን ሳይፈትሽ እንቅልፍ አይወስደውም፤ ውኃውን ኮርኒስ ላይ ካየኸው ዘግይተሃል ባይ ነው። አፈታተሹም ያው የድሮው ነው። እኩለ ቀን ላይ፣ ፀሐይ አናት ስትሆን በመሰላል ወጥቶ ኮርኒሱ ውስጥ ይገባል፣ ክዳኑን ከውስጥ ይዘጋል፣ ከዚያ ጨለማው ውስጥ ቁጭ ብሎ ቆርቆሮውን ያያል። ሚስማሩ የላላበት ወይም ዝገት የበላው ቦታ ካለ ብርሃን ነጥብ ሆኖ ይገባል። እሱ ነጥቦቹን ኮከብ ነው የሚላቸው። ሠላሳ ዓመት ማተሚያ ቤት አራሚ ሆኖ የሠራ ሰው ስለሆነ፣ ጣራውንም ከግራ ወደ ቀኝ፣ መስመር በመስመር ነው የሚያነበው።

ልጆች ሳለን ኮከብ ቀድሞ ያየ መዶሻውን ይይዝ አልነበር? አንተማ አንድ ዓመት በእኔ መሸነፍ ቢያንገበግብህ፣ ከዋዜማው ጣራ ላይ ወጥተህ በሚስማር በሳኸው። አባባ ቀዳዳውን አገላብጦ አይቶ፣ ይሄ የኅትመት ስሕተት አይደለም፣ የእጅ ጽሑፍ ነው አለ። እስከ ዛሬ ሳስታውሰው ያስቀኛል።

ባለፈው እሑድ ሁለታችን ወጣን። መሰላሉን ስይዝለት ተይኝ አላለም፤ ያኔውኑ መጠርጠር ነበረብኝ። ክዳኑን ዘጋን። አባባ አግዳሚው እንጨት ላይ ተደላድሎ ተቀመጠ፣ እንደ ልማዱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቃኘና፣ ዘንድሮ ኮከብ የለም፣ ጣራችን ጤነኛ ነው አለኝ። ደስ ብሎት ነው ያለው። እኔ ዘጠኝ ቆጥሬ ነበር። ትልቋ በትክክል ከራሱ በላይ ነበረች፤ ብርሃኗ ግንባሩ ላይ ቁጭ ብላለች። አዎ፣ የለም አልኩት።

በማግስቱ ገበያ ወጣ ሲልልኝ ሬንጅና ጨርቅ ይዤ ጣራው ላይ ወጣሁ። ስወርድ መሰላሉን ይዞልኝ አገኘሁት። ስንት ነበሩ አለኝ። መዋሸት አቃተኝና ዘጠኝ አልኩት። ትልቁስ የት ነበር ሲለኝ፣ ከራስህ በላይ አልኩት። ትንሽ ሳቀ። ከዚያ መሰላሉን ሳይለቅ፣ ለወንድምሽ ስለ ጣራው ጻፊለት፣ ሌላ ሌላውን ተይው፣ ሥራውን ጥሎ እንዳይመጣ አለኝ። እሺ ብዬዋለሁ።

ስለዚህ ሌላ ሌላውን አልነግርህም። አንድ ነገር ግን ልብ በል። ድሮ መልስ ሲጽፍልህ ከደብዳቤው ግርጌ ያንተን ስሕተቶች በቀይ ቀለም ይደረድርልህ ነበር። እጁን ያመዋል ብለንህ መልሱን እኔ መጻፍ ከጀመርኩ ወዲህ ቀይ ቀለም ስላላየህ፣ ጽሕፈቴ ተሻሻለ ብለህ በኩራት ጽፈህልናል። አልተሻሻለም፣ ወንድም ጋሼ። ደብዳቤዎችህን የማነብለት እኔ ነኝ። እጁ ደህና ነው።

ከኮከቦቹ ስምንቱን ደፍኛለሁ። ዘጠነኛው፣ ከራሱ በላይ የነበረው፣ ያ የድሮ የእጅ ጽሑፍህ ነው፤ መድፈኛው አርጅቶ ተላቅቋል። እሱን ትቼልሃለሁ፣ መጥተህ ራስህ ድፈነው። ከዘገየህ ከሥሩ ባልዲ አስቀምጣለሁ፤ ጣራው በባልዲም ይከርማል። አንተ ግን ቶሎ ና። አባባ ይይህ።

መንገዱን ጨርቅ ያድርግልህ።

ኮከብ ቆጣሪዋ እህትህ