እሺ ከሺህ ያነሰ ዕለት

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፤ ለመሆኑ እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽ ደረጃ መውጣት ፈቀደልሽ ወይስ እንደ ልማዱ ያንገራግራል? የአባዬ ሳልስ ተሻለው? እኔ በአካሌ ደህና ነኝ። እህል ግን አልዋጥ ብሎኛል፤ ምክንያቱን ላንቺ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ?

የምሠራው መናገር ከሚቸግራቸው ልጆች ጋር መሆኑን ታውቂያለሽ። አንዷ የስምንት ዓመት ልጅ ናት። ስትመጣ ከአፏ የሚወጣው ቃል አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም እምቢ ነው። ተቀመጪ ሲሏት እምቢ፣ ተነሺ ሲሏትም እምቢ። አፍንጫዋን ነፋ አድርጋ ስትለው ሳቄ ስለሚያመልጠኝ እሜቴ እምቢ የሚል ስም አወጣሁላት።

አለቃችን የባህሪ ባለሙያው ግን አልሳቀም። ካንገቷ የማይለይ የእናቷ ሰማያዊ ሻሽ ነበራት። እሱን ውሰዱባት፣ እሺ ስትል ብቻ ለአምስት ደቂቃ መልሱላት አለን። የወሰድኩባት እኔ ነኝ። እንባዋ እስኪደርቅ አጠገቧ ቆሜ ወረቀት ላይ ምልክት አደርግ ነበር፤ እሺ ካለች ጭረት፣ እምቢ ካለች ባዶ። እሺ ይበልጣል ከሺህ እያልሽ ስላሳደግሽኝ ደግ የሠራሁ መስሎኝ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት እሺታዋ ከመቶ ዘጠና ስድስት ደረሰ። ባለሙያው ደስ ብሎት ኬክ አስመጣ። እኔም በላሁ፣ እማዬ።

ባለፈው ማክሰኞ ግቢውን ስንዞር አረማመዷ አላማረኝም። ደህና ነሽ ወይ ስላት እሺ አለች። እንቀጥል ስላት እሺ አለች። ጫማዋን ባወልቅላት ካልሲዋ በደም ተጣብቋል፤ ከሶሉ ሚስማር ወጥቶ ተረከዟን በስቷታል። ከጠዋት ጀምሮ ስድስት ጊዜ እሺ ብላኛለች፤ እኔም ስድስት ጭረት ጽፌላታለሁ።

ካልሲውን ወስጄ ለባለሙያው አሳየሁት። ጫማው የቤተሰቧ ጉዳይ ነው፣ ዘዴያችን መሥራቱን ግን ይኸው ራሱ ይመሰክራል አለኝ። ከራሱ በላይ ግድግዳው ላይ በመስታወት የተሰቀለ ጽሑፍ አለ፤ እሴቶቻችን ክብር፣ ርኅራኄ፣ ሐቀኝነት ይላል። ከጽዳቷ በቀር ማንም ቀና ብሎ አይቶት አያውቅም፤ እሷም አቧራውን ልትጠርግ ነው። ሰውየው ቀፈፈኝ። ከሱ ይብስ የቀፈፈኝ ግን የገዛ እጄ ነው፤ ሻሹን የነጠቀው ይኸው እጄ ነዋ።

ዘዴው ለቀሩት አሥራ አንድ ልጆችም እንዲውል ሪፖርቱ ላይ ፈርሚ ብሎ ወረቀቱን ገፋልኝ። አሳዳጊ የበደላት እንዳልባል ዕድሜዬን ሙሉ ለታላቅ እምቢ ብዬ አላውቅም። ያን ቀን ግን እንደ እሜቴ አፍንጫዬን ነፍቼ እምቢ አልኩት። ሰኞ ኮሚቴ ፊት እቀርባለሁ፤ ከሥራ ሊያባርሩኝም ይችላሉ።

ከዚያ ሄጄ ሻሹን ካንገቷ አሰርኩላት፤ መልሼ እንደማልወስድባትም ነገርኳት። አልነካችውም። እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ማንም ምንም ሳይጠይቃት፣ እሺ አለች።

አባዬን ጉልበቱን ሳሚልኝ፤ መድኃኒቱን እየደበቀ እንዳያታልልሽ። እህቴን ደብዳቤዋ ደርሶኛል በያት። ትንሿን ልጇን ደግሞ አገላብጠሽ ሳሚልኝ፤ አልበላም ብላ ፊቷን ስታዞር ግን፣ በሞቴ እማዬ፣ ያን ተረትሽን አትንገሪያት። እምቢ ስትል ስሚያት።

ልጅሽ
ከኪራይ ክፍሌ፣ ሐሙስ፣ ወሩ በገባ በዘጠኝ