ወንድሜ የሸጠልኝ ጥቀርሻ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9፤ መሐል ሜዳ

ዛሬ አባታችንን ለዓይናቸው ሕክምና ደብረ ብርሃን ላደርሳቸው ነበር። ታላቅ ወንድሜ ሽመልስ አምና የሸጠልኝ ያ ቅንጡ መኪና ግን ከከተማው ሳንርቅ ዳገቱ ላይ ጥቁር ጭስ እየተፋ ጉልበቱ አለቀና ቆመ። አባታችን በብርዱ መንገድ ዳር ብዙ ተቀመጡ። በመጨረሻ የመጣው ሚኒባስ አንድ ቦታ ብቻ ስለነበረው ብቻቸውን ላክኋቸው።

መኪናው ተጎትቶ ከገባ በኋላ መካኒኩ የሞተሩን አየር ማስገቢያ ፈትቶ አሳየኝ። ጥቀርሻ ተጋግሮ ቀዳዳውን ሊደፍነው ምንም አልቀረውም።

«ይሄ የአንድ ዓመት አይደለም። ካንተ በፊት የነዳው ሰው ሳያውቀው አይቀርም» አለኝ።

ለሽመልስ ደወልኩለት። መጀመሪያ «አነዳድህ ነው» አለ። መካኒኩ ያለውን ስነግረው ግን «አዎ፣ ጋራዥ ነግረውኝ ነበር። ለባዳ ብሸጠው ይከሰኛል ብዬ ነው» አለኝ። ትንሽ እንኳ አላፈረም። ጆሮው ላይ ዘጋሁበት። እንዲህ ያለውን ሰው ወንድሜ ብዬ አልጠራውም።

ማምሻውን አባታችን ደወሉ። ቀጠሮው ስላለፈ ሳይታዩ መልሰዋቸዋል።

«ለሽመልስ እንዳትነግረው ልጄ፤ ሆዱ አይችልም፣ ያዝናል» አሉኝ።

እሺ አልኳቸው። ምን ልበል…