ያልተወጋ ሁሉ የመርፌ አዋቂ

ኅዳር 11

ጥሩዬ ደግሞ ዛሬ ሐኪም ሆና መጣች። የገዛ ላሟ ስትከሳ ምክንያቱን ያላወቀች ጎረቤቴ፣ የሰው ማህፀን ትመረምራለች። ምራቴን የሺን ከፊቷ አስቀምጣ፣ "የሦስት ወር መርፌ ደሙን ሆድሽ ውስጥ ያጠራቅመዋል፤ አንድ ቀን ይገድልሻል" አለቻት። የሺ እኮ ደሙ አልቀረባትም፤ እንዲያውም ከተወጋች ወዲህ ጠብ ጠብ እያለ አልቆም ብሏታል። ይህን ለጥሩዬ ብነግራት፣ "እሱማ ሞልቶ የሚፈሰው ነው" አለችኝ። አፍ አይደል፣ አይከፈልበት።

ሁለተኛው መርፌ የዚህ ሳምንት ነው። የሺ አልወጋም ማለት ጀምራለች።

ኅዳር 12

ሚካኤል። ታቦቱ ሲወጣ የሺ ደሙ ስላልተዋት ከቅጥር ውጭ ወይራው ሥር ቆመች። አገር ሁሉ አያት። መንገድ ላይ ልጄ አሰፋ፣ "ይኸው ከቤተ ክርስቲያን ለየሽ። ከእንግዲህ አትወጊም" አላት። ወንድ ብዬ ጡት ያጠባሁት ይኼን ነው። ባለፈው ወሊድ በቃሬዛ ስትወሰድ ጫፉን ይዞ እንደ ሕፃን ያለቅስ ነበር። ሐኪሙ "ቶሎ ካረገዘች አትተርፍም" ሲለው አብሬው ቆሜያለሁ። እንባው ቶሎ ደረቀለት።

ኅዳር 13

ጓዳ ብገባ የሺ ኮሶ ትበጠብጣለች። "ምንድን ነው?" አልኋት።

"መድኃኒቱን ያወርደዋል አለችኝ፣ እማማ።"

ማን እንዳለቻት አልጠየቅሁም። ክንድ የተወጋ በሆድ ይወርዳል? ደፋሁት። አለቀሰች። እኔም ደስ አላለኝም።

ኅዳር 14

ጤና ኬላ ይዣት ሄድሁ። ባለጋወኗ ልጅ፣ "ይኼ የታወቀ ነው፣ እናቴ። መጀመሪያ ላይ ብዙዎቹን ያንጠባጥባቸዋል። በኋላ ጭራሽ የሚቀርባቸውም አሉ፤ ቢቀርም የሚጠራቀም ደም የለም" አለችኝ።

"ስትወጊያት ምላስሽን አብረሽ ወጋሽው?" አልኋት።

"ብነግራቸው ፈርተው ይቀራሉ ብዬ ነው።"

የተማረ ብልሃት እንዲህ ነው። እሷ ዝም ትላለች፣ ጥሩዬ ታስተምራለች። ደሙ ከበዛ ወይም ካዞራት ቶሎ እንድትመጣ፣ ካልተስማማትም ሌላ ዓይነት እንዳለ አሁን ነገረቻት። የሺ ግን "አሰፋን ላማክር" ብላ ሳትወጋ ተመለሰች። መንገዱን ሙሉ አላናገርኋትም።

ኅዳር 15

አሰፋ እኩለ ቀን ላይ ከአጨዳ ሲገባ የጤና ኬላዋ ልጅ ያለችውን ሁሉ ነገርሁት። "ሰው ምን ይላል፣ እማዬ?" አለኝ። "ሰውማ ያኔ ቃሬዛ ተሸከመ" አልሁት፤ "ለቀብሯም አይሰንፍም፣ ይሸከማል።" ማጭዱን ያገላብጣል።

የሺ ከምድጃው ጥግ ተነሣች። "የምወልደው እኔ ነኝ፣ የምሞተውም እኔ ነኝ" አለች። በዚህ ቤት ድምጿን እንዲያ ሰምቼው አላውቅም። ነጠላዋን አነሣችና ወጣች። ስትመለስ ክንዷን ይዛ ነበር።

ኅዳር 16

ኪዳነ ምሕረት። ደሙ ዛሬም አልቆመም፤ ወይራው ሥር ነበረች። እኔም ውስጥ አልገባሁም፣ አጠገቧ ተቀመጥሁ። የሚያየን አየን። ልጅቱ ይቆማል ብላለች፤ ባይቆም የት እንደማገኛት አውቃለሁ።

አሰፋ ማታ ተኮሳትሮ መደብ ላይ ለብቻው ተኛ። "ለጾሙ ነው" ይላል። ይተኛ፣ እሱም አንድ መከላከያ ነው። ጾሙ በገና ይፈታል፤ መርፌው ግን ገናን አልፎ ይሄዳል።