የወይዘሮ ደሚቱ ሂርጳ ሕይወትና የሐሙሱ ትምህርት

ዛሬ በልደታ ማርያም ቅጥር ግቢ ልንሸኛቸው የቆምንላቸው ወይዘሮ ደሚቱ ሂርጳ በ1946 ዓ.ም. ወሊሶ አካባቢ ተወለዱ። አባታችን አቶ ሂርጳ ገበሬ፣ እናታችን ወይዘሮ ወለተሰንበት ደግሞ በመንደሩ የታወቁ የልምድ አዋላጅ ነበሩ። በቤታችን የሚነገረው ኦሮምኛ ነበር። ይህን የምጽፈው ታናሽ ወንድማቸው ደገፋ ነኝ።

በ1955 ዓ.ም. እዚሁ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ወደሚኖሩት አክስታችን መጥተው ትምህርት ቤት ገቡ። አማርኛውን ከመጽሐፍ ቶሎ ለቀሙት። ሰዉን ግን ገና አልለመዱም ነበርና፣ ጎረቤት ቤት «ብዪ እንጂ» ቢባሉ ወዲያው እሺ ብለው የቀረበውን ሁሉ ጨረሱት። አክስታችን ጭናቸውን ቆንጥጠው አወጧቸው። እስኪለመኑ መግደርደርን የሚያስተምር መጽሐፍ አልነበረም። ከዚያ ወዲያ አክስታችን በየለቅሶው፣ በየክርስትናው፣ በየአራስ ቤቱ ይዘዋቸው ዞሩ። ወይዘሮ ደሚቱ አማርኛ የገባቸው ያኔ እንደሆነ ሲናገሩ ኖረዋል።

በ1966 ዓ.ም. ከመምህራን ማሠልጠኛ ተመርቀው ለብዙ ዓመታት አንደኛ ደረጃ አስተማሩ። በ1970 ዓ.ም. ከመካኒኩ ከአቶ ፉፋ ጋር ጋብቻ መሥርተው፣ በ1973 ዓ.ም. ዛሬ ከልደታ ሜክሲኮ ሚኒባስ የሚነዳውን አንድ ልጃቸውን በድሉን ወለዱ። አቶ ፉፋ በ1991 ዓ.ም. ዐርፈዋል።

በ1986 ዓ.ም. ለውጭ አገር ሰዎች አማርኛ በሚያስተምር አንድ ተቋም ተቀጠሩ። ሐሙስ ሐሙስ ተማሪዎቻቸውን ከክፍል አውጥተው በሰፈራችን ያዞሯቸዋል፤ የታመመ ያስጠይቋቸዋል፣ ለቅሶ ያስደርሷቸዋል። ከሁሉ አብልጠው የሚያጠብቁት የመርዶን ነገር ነበር። የወገን ሞት በስልክ አይነገርም። ሽማግሌዎችና ጎረቤቶች ተሰብስበው ንጋት ላይ ይሄዳሉ፤ ባለ ሐዘኑ ሲወድቅ የሚደግፈው ሰው መኖር አለበት። ይህን ያላወቀ አማርኛ ቻልኩ እንዳይል ይሉ ነበር።

በ1998 ዓ.ም. ካስተማሯቸው መካከል ስሙን ከእሳቸው ስም ጎን መጻፍ የሚቀፈኝ አንድ ሰው ነበር። ፈተናውን ሁሉ አንደኛ ሆኖ አለፈ፤ ሐሙስ ግን አንድም ቀን አልታየም። በ2001 ዓ.ም. የተቋሙ ኃላፊ ሆኖ ሲመጣ መጀመሪያ የሰረዘው ሐሙስን ነው። ሽርሽር ነው አለ። የሞት ነገር ተማሪ ያሸሻል አለ። ወይዘሮ ደሚቱ ቢሮው ድረስ ሄደው ቢለምኑት፣ እየሳቀ የአነጋገር ስህተታቸውን አርሞ ሸኛቸው። ያስተማሩትን መምህሩን! ይህን ከነገሩኝ ዕለት ጀምሮ እስከ ዛሬ ያንገሸግሸኛል።

እሳቸው ግን ሐሙስን አልተዉም። ከሥራ መልስ በራሳቸው ጊዜ ቀጠሉ። ከመጡት ጥቂቶች አንዷ ኪርሲ የምትባል የፊንላንድ ነርስ ናት። አማርኛዋ እስከ ዛሬ ይሰባበራል፤ እኔን ሽማግሌውን «አንቺ» ትለኛለች።

ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ኩላሊታቸውን ሲታመሙ ቆይተው፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 2008 ዓ.ም. ማምሻውን በ62 ዓመታቸው ሆስፒታል ውስጥ ዐረፉ። አጠገባቸው የነበረችው ኪርሲ ናት። በድሉ ጋ አልደወለችም። እኔ ቤት መጥታ እጄን ይዛ ተቀመጠች፤ ገባኝ። ለኃላፊው የሥራ ቦታቸው ነውና አሳወቀችው፤ እስከ ንጋት አፉን እንዲይዝም አደራ አለችው።

ትናንት ጎሕ ሲቀድ የእድሩን ሽማግሌዎች ይዘን ወደ በድሉ ቤት አቀናን። ቅያሱን ስንታጠፍ ሚኒባሱ ሞተሩ እንደበራ፣ በሩ እንደተከፈተ ቆሟል። በድሉ መሬት ላይ ወድቆ ግንባሩ ይደማል፤ ስልኩ ከጎኑ ነው። ኃላፊው አውሮፕላን ሊሳፈር ስለነበር ቀደም ብሎ ደውሎለታል። «እናትዎ ትናንት ማታ ሞተዋል። በጣም አዝናለሁ። መልካም ቀን።» አክብሮቱ አልጎደለም፤ ቃሉ ሁሉ በየቦታው ነው። የመርዶን ነገር ሃያ ሁለት ዓመት ያስተማሩ መምህር ሞት በገዛ ተማሪያቸው አፍ እንዲህ ተነገረ። እንዲህ ያለውን አማርኛ እጸየፈዋለሁ።

በሕይወት ታሪክ ላይ እንዲህ ያለ ነገር አይጻፍም ያላችሁኝ ዘመዶች ይቅር በሉኝ። ኃላፊው የላከውን የአበባ ጉንጉን ከአጥር ውጭ አስቀምጬዋለሁ።

ወይዘሮ ደሚቱ ልጃቸውን በድሉን፣ ሁለት የልጅ ልጆቻቸውንና እኔን ወንድማቸውን ትተው ሄደዋል። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ብርሃን በማይጠፋበት ያሳድርልን፤ በድሉንም እሱ ደግፎ ያንሣልን።

ከተቋሙ የመጣችሁ እንግዶች፣ ከቀብር መልስ ድንኳን ስትገቡ የምታደርጉት ከጠፋችሁ ኪርሲን ተመልከቱ። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከበድሉ አጠገብ ዝም ብላ ትቀመጣለች። እናንተም እንደሷ ተቀመጡ። ዛሬ ሐሙስ ነው፤ ትምህርት አለ።