በወረቀት የተፋታነው

ለናፈቅሽኝ ለእትዬ ፔልደን፤

እንዴት ሰነበታችሁ? ጉልበትሽስ እንዴት ሆነ? ቁልቁለቱን በዱላ እንደምትወርጂ ልጄ ዩድሮን ሹክ ብላኛለች፤ አንቺን ስጠይቅ ግን «ደህና ነኝ» ከማለት ሌላ ቃል አይወጣሽም። የእናታችን ዓይንስ ተሻለው? ጋሼ ዋንግዲ ዘንድሮም በቆሎውን ከከርከሮ ሲጠብቅ ማማ ላይ ያድራል ወይስ የኤሌክትሪክ አጥሩ አሳረፈው? ቀይዋ ላም ወለደች? ልጄስ ጠዋት ጠዋት ኪራ ቀሚሷን ራሷ መታጠቅ ቻለች ወይስ አሁንም አንቺን ታስቸግራለች? እኔ በአካል ደህና ነኝ። ቾኪም ደህና ናት። ሦስቱ ቅዱሳን ዕንቁዎች ጥበቃቸውን ከቤታችሁ አያርቁ።

የምጽፍልሽን ነገር በስልክ ልነግርሽ ብዙ ጊዜ ሞክሬ አልሆነልኝም። ስደውል ዩድሮን ጉያሽ ውስጥ ናት፣ እናታችን ከጎንሽ ናት፣ ጎረቤቱም ሰላም ሊለኝ ይሻማል። ባለፈው ሰሞን የላክሽውን የድምፅ መልእክት ሰምቻለሁ። የቀበሌው ጸሐፊ ሞንጋር ፍርድ ቤት ያየውን ነገር ወፍጮ ቤት ውስጥ ሲያወራ መስማትሽን፣ ሚስቴን ፈትቼ እንደሆነ ከሰው ሳይሆን ከእኔ አፍ መስማት እንደምትፈልጊ ነግረሽኛል። ድምፅሽ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ብትቆጪኝ ይሻለኝ ነበር።

እውነት ነው፣ እትዬ። ፍርድ ቤቱ አፋትቶናል። የቾኪ ወንድም ወኪላችን ሆኖ ቀርቦ ወረቀቱን የተቀበለው ኖቬምበር ላይ ነው። ነገሩ ግን ጸሐፊው እንዳወራው አይደለም። ከሥሩ ላስረዳሽ፤ ከዚያ በኋላ ልትፈርጂብኝ ትችያለሽ።

አመጣጣችንን ታውቂዋለሽ። ቾኪ ከገቢዎች መሥሪያ ቤት፣ እኔ ከሊንግሜታንግ ትምህርት ቤት ለቀን፣ እሷ የሂሳብ ሥራ ልትማር፣ እኔ ባሏ ነኝ ተብዬ የቢሮ ወለል ልወለውል ፐርዝ መጣን። ዩድሮንን ቾኪ እስክትመረቅ ብለን አንቺ ላይ ጣልናት። ቾኪ ተመረቀች። ከተመረቁ በኋላ ለጥቂት ጊዜ እንዲሠሩ የሚሰጥ ፈቃድ አለ፤ እሱን ይዘን የዘለቄታውን መጠበቅ ጀመርን።

የዘለቄታው የሚገኘው እንዲህ ነው። በየዓመቱ ጁላይ ሲገባ ግዛቱ የሚፈልጋቸውን ሙያዎች ዘርዝሮ ያወጣል። ሙያሽ እዚያ ውስጥ ከሌለ ደጃፉንም አታንኳኪም። ካለ ደግሞ ነጥብ ይቆጠርልሻል፤ በዕድሜሽ፣ በትምህርትሽ፣ በእንግሊዝኛሽ፣ በሥራ ልምድሽ። ከላይ ያሉት ይጠራሉ፤ ከታች ያለው ይጠብቃል። ጁላይ ሲቃረብ እዚህ ያለው ያገራችን ሰው ሁሉ እንቅልፍ ያጣል። አናጺው ይኩራራል፣ ነርሷ ትረጋጋለች፣ የቀረነው ስልካችን ላይ አፍጥጠን እንውላለን። ያን ጊዜ የሂሳብ ባለሙያ ዝርዝሩ ውስጥ ነበር፤ ግን ሂሳብ ያልተማረ ማን አለ? ወረፋው ረጅም ነው፤ ቾኪ ደግሞ ዐሥር ነጥብ ጎደላት።

ጋሽ ፉንቾ የሚባል የፑናካ ሰው አለ፤ ከአንድ የሩዝና የቅመም መደብር በላይ ቢሮ ከፍቶ የፈቃድ ጉዳይ ያስፈጽማል። እሱ ዘንድ ሄድን። ወረቀታችንን አገላብጦ ሲያበቃ ቾኪን ትቶ እኔን አየኝ።

«ነጥቡ የጎደለው በእሷ አይደለም፤ ባንተ ነው» አለኝ። «ባልየውም ከዝርዝሩ ሙያ ካለው ሚስት ዐሥር ይጨመርላታል። ያላገባችም ዐሥር አላት። ሙያው የማይቆጠርለት ባል ያላት ናት ባዶ እጇን የምትቀር።»

«እኔኮ መምህር ነኝ። መምህር ዝርዝሩ ውስጥ አለ» አልኩት።

«ምን ነበር የምታስተምረው?»

«ድዞንግካ።»

ሳቀ፤ በክፋት አልነበረም። «ወንድሜ፣ እዚህ ድዞንግካ የሚማርህ ካንጋሩ ነው? እሺ፣ መምህር ነህ እንበል። መጀመሪያ እንግሊዝኛውን እለፍና ና።»

እንግሊዝኛውን ደጋግሜ ተፈትኛለሁ፣ እትዬ። የወደቅሁ ቁጥር ለአንቺ አልነገርኩሽም። ድርሰት ጻፍ ሲሉኝ እጄ የሚያውቀው የራሳችንን ቋንቋ ድዞንግካን ነው።

ከቢሮው ልንወጣ ስንል ጋሽ ፉንቾ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ተፋቱ አላልኩም፤ አቆጣጠሩን ነው የነገርኳችሁ» አለ። ያላለው ነገር ግን አብሮን ወጣ። አውቶቡስ ውስጥ ቾኪ በመስኮት ወደ ውጭ ታያለች። «ሸክሙ እኔ ከሆንኩ ልውረድልሽ» አልኳት። «ዝም በል። አንተን የት ፌርማታ ላይ ነው የማወርድህ?» አለችኝ፤ ዓይኗን ግን ከመስኮቱ አላነሳችም።

ብዙ ቀን ሳንነጋገርበት ከረምን። አንድ ምሽት በርበሬ እየቆረጠች በድንገት አነሳችው። እሷ እንደ እኔ አይደለችም፤ ሕጉን አንብባ ጨርሳዋለች። እዚህ አገር በአንድ ጣራ ሥር አብሮ መኖር ራሱ እንደ ጋብቻ እንደሚቆጠር፣ ለወረቀት ብቻ መፋታት የሚባል ነገር እንደሌለ አስረዳችኝ። «ውሸት ጽፌ አልፈርምም። ተለያየን ብዬ ከፈረምኩ ተለያይተን ነው» አለች። እኔ ደግሞ ስለ ዩድሮን ብዬ እሺ አልኩ። እንዲያውም ገፋሁበት። ልጄ ከእናትና አባቷ ጋር የምትኖርበትን ቀን የማቀርብ መስሎኝ ነበር።

እቃዬን ያሸገችው ራሷ ናት። ጎ ካባዬን እንደ በዓል ልብስ አጣጥፋ፣ የሩዝ ማብሰያዋን ከላይ አስቀምጣ በሩ ድረስ ሸኘችኝ። የእሷ ባል ካልሆንኩ የራሴ ፈቃድ ያስፈልገኛልና የምግብ ማብሰል ትምህርት ቤት ተመዘገብኩ፤ አብሳይ ዝርዝሩ ውስጥ አለ። ስንቱን ልጅ ፊደል ያስቆጠርኩት ሰውዬ አሁን ታናሽ ወንድሜ ሊሆን የሚችል መምህር ፊት ቆሜ ካሮት በእኩል እከታትፋለሁ። «ራብተን፣ ሾርባህ አሁንም በርበሬ በርበሬ ይላል» ይለኛል። ሳላስበው እጄ ይጨምራል መሰለኝ።

የምኖረው ከኔፓሎች ጋር ነው። አንደኛው ቢሻል ይባላል፤ ታክሲ ይነዳል፣ አፉ አያርፍም። ቾኪ እሁድ እሁድ ልትጠይቀኝ ስትመጣ እንደ እንግዳ በር አንኳኩታ ትገባለች፤ ሳሎን ተቀምጠን ሻይ እንጠጣለን፤ ሳይመሽ ትሄዳለች። ቢሻል ሁኔታችንን አይቶ፣ «ያንተዋ ተፈትታም ጎመን ይዛ ትመጣለች። የኔዋ ሳትፈታ ስልክ አታነሳም» ይለኛል። እስቃለሁ። በር ላይ ስሸኛት ግን እጇን ልያዝ አልያዝ እያልኩ ቆሜ እቀራለሁ። ከስንት ዓመት ትዳር በኋላ እንዲህ ሆንኩ፣ እትዬ።

መለያየት ደግሞ ቀስ እያለ እውነት ይሆናል። አንድ ሰሞን ጉንፋን አልጋ ላይ ጥሏት እኔ የሰማሁት ተሽሏት ከተነሳች በኋላ ነው። ለምን እንዳልደወለችልኝ ስጠይቃት፣ «ብደውል ልትመጣ፣ ከመጣህ ልታድር» አለች። ለአዲስ ዓመታችን ለሎሳር ያገራችን ሰው ሲሰበሰብ እኔ ከወንደላጤዎቹ ጋር፣ እሷ ከሴቶቹ ጋር ተቀመጥን። ጉዳዩን የማያውቁት ወይዘሮ ደቸን ጠጋ ብለዋት፣ «አይዞሽ፣ ገና ልጅ ነሽ፤ የታሺጋንግ ሰው የሆነ ጨዋ መሐንዲስ አውቃለሁ፤ ሙያውም ዝርዝሩ ውስጥ አለ» ብለዋት ነበር። ቾኪ ይህን እየሳቀች ነገረችኝ። እኔ መሳቅ አቃተኝ።

እንዲህ እያልን፣ ቾኪም ዐሥሩን ነጥብ ይዛ ወረፋ ስትጠብቅ፣ ጁላይ ገባ። ትምህርት ቤት ሽንኩርት ስልጥ ስልኬ ጠራ። ቾኪ ናት፤ «የለም» አለችኝ። ምን እንደሌለ አልጠየቅኋትም። ካኒንግተን ባቡር ጣቢያ ተገናኘን፤ ይዘንባል። የሂሳብ ባለሙያ ከዝርዝሩ ወጥቷል። ከእሷ በላይ ነጥብ የነበራቸውም፣ ከእሷ በታች የነበሩትም፣ ሁሉም አንድ ላይ ወጡ። ለዐሥሩ ነጥብ ብለን ትዳራችንን አፈረስን፤ ነጥቡ የሚቆጠርበት ሙያ ራሱ ጠፋ። አግዳሚው ላይ ተቀምጠን ባቡር ሲመጣና ሲሄድ አየን። እሷ አላለቀሰችም። የእጅ ቦርሳዋን ስትከፍት ስትዘጋ ቆየች።

እንደገና ጋሽ ፉንቾ ዘንድ ሄድን። የቾኪ ፈቃድ ማርች ላይ ያልቃል። አዲስ ምክር ነበረው፤ «የሕፃናት መምህርነት ተማሪ። እሱ ዘንድሮ አለ። ብቻ መልሳችሁ እንዳትጋቡ፤ ዐሥሩ ነጥብ ኋላ ያስፈልግሻል» አላት።

«ተምሬ ስጨርስ ዝርዝሩ ውስጥ ይኖራል?»

«እሱን እኔም አላውቅ። ምናልባት የሚያወጡትም አያውቁት።»

ቾኪ ተነሳች። «እንግዲያው ማንም ለማያውቀው ነገር ብዬ ከባሌ ጋር በቀጠሮ አልኖርም» ብላ ወጣች። ደረጃው ላይ ደረስኩባት። እውነቱን ልንገርሽ፣ እኔ ምክሩን ልቀበል ነበር። ይህን ያህል ከታገስን ትንሽ እንታገስ፣ ስለ ዩድሮን ብለሽ አልኳት። ያን ጊዜ ዞራ ያለችኝን እስከዛሬ አልረሳሁትም። «ስለ ዩድሮን ነው የምልህ። ባለፈው እሁድ ስንደውል "እማ" ብላ ተጣራች፤ እኔ ስልኩን ይዤ "ወዬ" አልኩ። የጠራችው ግን እትዬን ነበር» አለችኝ።

ስለዚህ ተቆርጧል። በሚመጣው ወር እዚህ ማዘጋጃ ቤት እንደገና እንጋባለን፤ ምስክሮቻችን ቢሻልና ወይዘሮ ደቸን ናቸው። ወይዘሮ ደቸን ጉዳዩን ሲሰሙ ስለ መሐንዲሱ አፍረው መቀነታቸውን ሲያጠብቁ ዋሉ። ቾኪ የሕፃናቱን ትምህርት ትጀምራለች፤ እኔም የእሷ ባል ሆኜ ወደ ወለሌ እመለሳለሁ። ዐሥሩን ነጥብ ትተነዋል። ከገባንበት ወጣን ማለቴ እንዳይመስልሽ። አሁንም በየጁላዩ እንንቀጠቀጣለን። ወደ አገር እንመለስ ብንል የለቀቅነውን የመንግሥት ሥራ መልሶ የሚሰጠን የለም፤ የእኔን ክፍል ሌላ መምህር ይዞታል። ወደፊትም ወደ ኋላም በሩ የሌላ ሰው ነው። ቢያንስ ሌሊቱን አንድ ቤት እናድራለን።

አሁን ብዕሬ የሚከብደው ነገር ላይ ደረስኩ። ተማሪ ልጇን ይዛ መኖር ትችላለች። ዩድሮንን እንድትልኪልን ልለምንሽ ነው። የዘለቄታው ፈቃድ ሲገኝ እናመጣታለን እያልን ነበር የኖርነው፤ ያ ቀን ከዝርዝሩ ጋር ይገባል ይወጣል፤ ልጅቷ ግን እያደገች ነው። ምን እየጠየቅሁሽ እንደሆነ ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። አንቺና ጋሼ ዋንግዲ ሌላ ልጅ የላችሁም። በኩፍኝ ስትቃጠል ጀርባሽ ላይ አዝለሽ ጤና ጣቢያ የወረድሽው አንቺ ነሽ። እኔ ደግሞ መሬቱ ከጸና ቤት አውጥቼ፣ የእናቷ ሙያ በተሰረዘ ቁጥር ወደሚናወጥ ቤት ላመጣት ነው። ይህን እያወቅሁ ነው የምለምንሽ። እምቢ ብትዪ አልቀየምሽም። እሺ ብትዪም እንዲሁ በአንድ ጊዜ አይሁን፤ ራሷን ጠይቂያት፤ መልሷን ግን አታስተምሪያት።

ለእናታችን ፍቺውን እንደሚሆንሽ አድርገሽ አስረጂልኝ፤ ልጅሽ አላበደም በያት፤ ለዓይኗም ጸልዬ የቅቤ መብራት አብርቻለሁ። የጋሼ ዋንግዲን ጉልበት ስሜያለሁ፤ የልጅቷን ነገር አንቺ ካሰብሽበት በኋላ ንገሪው፤ እሱ ነው የበለጠ የሚጎዳው። ለቾኪ ወንድም ሰው ሁሉ ጣት የሚቀስርበትን የፍርድ ቤት ሸክም ስለተሸከመልን ምስጋናዬን አድርሺ። ወፍጮ ቤት ላሉት ጎረቤቶቻችንም ሰላም በይልኝ፤ ለጸሐፊው ጭምር። ዩድሮንን ሁለት ጉንጯን ሳሚልኝ፤ አንቺ እስክትወስኚ ግን ምንም አታሰሚያት።

ዛሬ እሁድ ነው፤ ይህን ስጽፍ ቾኪ ከጎኔ ተቀምጣለች። ለእትዬ ምን ልበልልሽ ብላት፣ «ምንም አትበልልኝ። እኔ በእሷ ቦታ ብሆን ልጅቷን አልሰጥም ነበር» አለች።

ወንድምሽ ራብተን
ፐርዝ፣ ኦገስት 4 ቀን